መቀጮ መክፈል ያልቻለ ሰው ይታሰራልን?

ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1980 ነበር። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት አንድ ሰው ሰብሮ በመግባትና የተሰረቀ ንብረት በመቀበል ወንጀል ተከስሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጥፋቱን አልካደም። ፍርድ ቤቱም የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑን ተመልክቶ ወደ ወኅኒ አልላከውም። 500 ዶላር መቀጮ እና 250 ዶላር ካሳ እንዲከፍል አዝዞ በገደብ ለቀቀው። ከገንዘቡ 100 ዶላር በዕለቱ፣ ሌላ 100 ዶላር በማግስቱ፣ የቀረው 550 ዶላር ደግሞ በአራት ወራት ውስጥ እንዲከፈል ተወሰነ።

ሰውየው ከወላጆቹ ተበድሮ የመጀመሪያውን 200 ዶላር ከፈለ። ወር ገደማ እንደቆየ ግን ከሥራው ተቀነሰ። ትምህርቱ ከዘጠነኛ ክፍል ያላለፈ፣ ማንበብም የማይችል ነበርና ሌላ ሥራ ቢፈልግ አጣ። የመክፈያው ቀን ሲቃረብ ቀሪውን በጊዜው ማድረስ እንደማይችል ለሚከታተለው ቢሮ አስቀድሞ አሳወቀ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ገደቡ እንዲነሳ አመለከተ። ፍርድ ቤቱም አመልካቹን ተቀብሎ፣ ከገደቡ የቀረውን ዘመን በእስር እንዲያሳልፍ ወሰነ።

ይህ ሰው የታሰረው ለምንድን ነው? በሠራው ወንጀል ነው እንዳይባል፣ ለዚያ ወንጀል እስር እንደማያስፈልገው ፍርድ ቤቱ ራሱ ወስኖ ነበር። በመካከል የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራ አጥቶ ኪሱ ባዶ ሆነ። ጉዳዩ በይግባኝ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1983 ውሳኔ አገኘ። ዛሬ በዚያች አገር የወንጀል መቀጮ ያልከፈለን ሰው ማሰር የሚቻልበትን ወሰን ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ በቅድሚያ የሚያነሳው ይህንኑ መዝገብ ነው። በሕግ ትምህርት ቤቶችም "ቤርደን ከጆርጂያ ግዛት" በሚል ስም ይታወቃል።

ከውሳኔው በስተጀርባ ያለው ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ እያለው አልከፍልም ያለና ቸግሮት መክፈል ያቃተው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ዳኛውም ሁለቱን ሳይለይ የወኅኒ በር ሊከፍት አይገባውም።

ዕዳ፣ መቀጮ እና ካሳ

ወደ ዝርዝሩ ከመግባት በፊት ሦስት ነገሮችን መለየት ያሻል።

ዕዳ በሁለት ሰዎች ወይም ድርጅቶች መካከል በስምምነት የሚፈጠር የገንዘብ ግዴታ ነው። ብድር፣ የቤት ኪራይና በዱቤ የተወሰደ ዕቃ በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። በቀደመው ዘመን በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ባለዕዳን ማሰር የተለመደ ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ1833 ይህንን አሠራር ያስቀረ ሲሆን፣ በርካታ ግዛቶችም በየሕገ መንግሥቶቻቸው ከልክለውታል። ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ አገሮች የተቀበሉት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በ11ኛው አንቀጹ፣ ማንም ሰው በውል የገባውን ግዴታ መፈጸም ባለመቻሉ ብቻ ሊታሰር እንደማይችል ይደነግጋል።

መቀጮ ከዚህ ይለያል። ወንጀል ወይም ደንብ መተላለፍ የፈጸመ ሰው ለመንግሥት እንዲከፍል በፍርድ የሚጣልበት ቅጣት ነው። ምንጩ ውል ባለመሆኑ የዕዳ እስራትን የሚከለክሉት ድንጋጌዎች ለመቀጮ ተከፋይ ወዲያውኑ ከለላ አይሆኑም። ለብዙ ዘመን ድሆች በመቀጮ ሰበብ ሲታሰሩ የኖሩትም በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። "ይህ ዕዳ አይደለም፤ ቅጣት ነው" የሚለው መልስ የሙግቱን በር ይዘጋ ነበር።

ካሳ ደግሞ በወንጀሉ ለተጎዳው ሰው የሚከፈል ነው። ለመንግሥት ባይገባም በፍርድ የታዘዘ በመሆኑ፣ ከጆርጂያው መዝገብ እንደታየው፣ ካለመከፈሉ ጋር ተያይዞ የሚነሳው የእስር ጥያቄ ከመቀጮው ጋር አብሮ ይታያል።

የመጀመሪያው ወሰን፦ ከጣሪያው በላይ ማሰር አይቻልም

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመቀጮ እስርን መገደብ የጀመረው በ1970 "ዊሊያምስ ከኢሊኖይ ግዛት" በተባለው መዝገብ ነው። ተከሳሹ በቀላል ስርቆት ተፈርዶበት ሕጉ ለጥፋቱ የፈቀደው ከፍተኛ ቅጣት፣ ማለትም አንድ ዓመት እስርና 500 ዶላር መቀጮ ተጣለበት። በዚህ ላይ 5 ዶላር የዳኝነት ወጪ ተጨመረ።

የግዛቲቱ ሕግ የእስሩን ዘመን ጨርሶ ገንዘቡን ያልከፈለ ሰው፣ በቀን 5 ዶላር እየታሰበለት በእስር እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። 505 ዶላር ለ5 ሲካፈል 101 ቀናት ይሆናል። ገንዘብ ያለው ሰው ዓመቱን ጨርሶ ሲወጣ፣ የሌለው ለተመሳሳይ ጥፋት ከዓመት በላይ ተጨማሪ ሦስት ወር ከአሥር ቀን ገደማ ይታሰራል ማለት ነው።

ዋና ዳኛ ዋረን በርገር የጻፉት ውሳኔ ይህንን አልተቀበለም። ሕግ አውጪው ለአንድ ጥፋት የእስር ጣሪያ ካበጀ፣ ያ ጣሪያ ለባለጸጋውም ለድሃውም እኩል መሥራት አለበት። መክፈል ባለመቻሉ ብቻ ድሃውን ከጣሪያው አሳልፎ ማሰር በ1868 የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ 14ኛ ማሻሻያ ያረጋገጠውን በሕግ እኩል የመጠበቅ መብት ይጥሳል።

ሁለተኛው ወሰን፦ መቀጮ ብቻ ለሚያስቀጣ ጥፋት እስር አይተካም

የኢሊኖዩ ውሳኔ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አለፈ። ሕጉ ለጥፋቱ እስር ጨርሶ ያላስቀመጠ ቢሆንስ? መልሱ በዓመቱ፣ በ1971፣ ከቴክሳስ ግዛት በመጣ መዝገብ ተሰጠ። ይኸውም "ቴት ከሾርት" የተባለው ነው።

በሂዩስተን ከተማ የሚኖር አንድ ሰው በዘጠኝ የትራፊክ ጥፋቶች በድምሩ 425 ዶላር ተቀጣ። በቴክሳስ ሕግ እነዚህ ጥፋቶች የሚያስቀጡት በገንዘብ ብቻ ነበር፤ ለአንዳቸውም እስር አልተደነገገም። ሰውየው ግን መክፈል አቃተው። ከዚያም መቀጮው በቀን 5 ዶላር ተመንዝሮ ለ85 ቀናት በከተማው የእስረኞች እርሻ ውስጥ እንዲታሰር ተላከ።

ያልተከፈለን መቀጮ በእርሻ ጉልበት ማስወጣት በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ረጅም ታሪክ አለው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት፣ በጥቃቅን ጥፋት የተቀጡና መክፈል ያልቻሉ ሰዎች፣ በተለይም ጥቁሮች፣ ወደ እርሻና ወደ ማዕድን ሥራ ይላኩ ነበር። መቀጮውን ባለእርሻ ከፍሎላቸው በምትኩ ጉልበታቸውን የሚወስድበት አሠራርም በአላባማ ነበር። ይህንን አሠራር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1914 ሕገ ወጥ ብሎታል።

በሂዩስተኑ ጉዳይ ዳኛ ዊሊያም ብሬናን የጻፉት ውሳኔ ግልጽ ነው። መንግሥት ለአንድ ጥፋት መቀጮ ብቻ ይበቃል ብሎ ካወጀ በኋላ፣ ቅጣቱን ለመክፈል አቅም ለሌለው ሰው ብቻ ወደ እስር ሊለውጠው አይችልም። ውሳኔው ግዛቶች መቀጮ እንዳይሰበስቡ አልከለከለም። በየጊዜው ከፋፍሎ ማስከፈልን የመሰሉ ሌሎች መንገዶች ክፍት እንደሆኑ አመልክቷል።

ሦስተኛው ወሰን፦ ዳኛው ሳይጠይቅ አያስርም

በዚህ ሁሉ መካከል የጆርጂያው ሰው ጉዳይ መጣ። የእርሱ ሁኔታ ከሁለቱ ይለያል። ለፈጸመው ወንጀል ሕጉ እስርን ፈቅዷል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤቱ ሲጀመር ሊያስረው ይችል ነበር። ግን አላሰረውም፤ በገደብ ለቀቀው። በኋላ መክፈል ሲያቅተው ገደቡን አንስቶ ማሰር ይቻላልን?

ውሳኔውን የጻፉት በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። ከውሳኔው ዳኛ ሁሉ በቅደም ተከተል ሊያነሳቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ።

አንደኛ፦ ያልከፈለው ለምንድን ነው? ፍርድ ቤት ክፍያው አለመፈጸሙን ብቻ አይቶ ማሰር አይችልም። ምክንያቱን የማጣራት ግዴታ አለበት።

ሁለተኛ፦ እያለው ሆን ብሎ ነው ያልከፈለው? ወይስ ሠርቶ፣ ተበድሮ ወይም በሌላ ሕጋዊ መንገድ ገንዘቡን ለማግኘት ተገቢውን ጥረት ሳያደርግ ቀርቷል? መልሱ አዎን ከሆነ ፍርድ ቤቱ ገደቡን አንስቶ ሊያስረው ይችላል። እምቢተኛነት ከለላ የለውም።

ሦስተኛ፦ በቅን ልቡና ጥሮ ካልቻለ ከእስር ሌላ ምን አማራጭ አለ? ፍርድ ቤቱ የመክፈያ ጊዜውን ማራዘም፣ መቀጮውን መቀነስ ወይም በማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲተካ ማድረግ ይችል እንደሆነ ማየት አለበት። ወደ እስር መሄድ የሚቻለው፣ እነዚህ አማራጮች ጥፋተኛውን ለመቅጣትና ሌላውን ለማስተማር የማይበቁ ሆነው ሲገኙ ብቻ ነው።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ልብ ልትባል ይገባል። ብዙዎች ውሳኔውን "ድሃ በመቀጮ አይታሰርም" ብለው ያሳጥሩታል። ውሳኔው የሚለው ግን እንዲህ አይደለም። አማራጭ ሁሉ ታይቶ የማይበቃ ከሆነ በር አልተዘጋም። ጨርሶ የተከለከለው ሳይጠይቁና አማራጭ ሳይፈልጉ ማሰር ነው።

ውሳኔው ሌላም ተግባራዊ ነጥብ አንስቷል። መክፈል የማይችልን ሰው ማሰር ለተበዳዩ ካሳውን አያስገኝለትም። እንዲያውም የእስር ፍርሃት በቅን መንገድ የሚጥረውን ሰው ገንዘቡን ለማግኘት ወደ ሌላ ወንጀል ሊገፋው ይችላል።

ከዚያ በፊት ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት የሰውየውን ጥረት ሳያጣራ ባለመክፈሉ ላይ ብቻ አተኩሮ ነበርና፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሽሮ መዝገቡን መለሰው።

አቅም እንዴት ይመዘናል?

"የለኝም" ማለት ብቻውን አይበቃም፤ "አለህ" ማለትም እንዲሁ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚሠራው ሕግ ዳኛው ገና መቀጮውን ሲወስን የተከሳሹን ገቢ፣ የመሥራት አቅም፣ ሀብት እና በእርሱ ሥር የሚተዳደሩ ቤተሰቦችን ሸክም እንዲያይ ያዝዛል። መቀጮው በመርሕ ወዲያውኑ የሚከፈል ቢሆንም፣ ፍትሕ ሲያስገድድ በቀጠሮ ወይም በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲከፈል ሊፈቀድ ይችላል። ባልከፈለው ላይ እንደገና ቅጣት ስለመወሰን የሚናገረው አንቀጽም፣ ማንም ሰው በድህነቱ ምክንያት መክፈል ባለመቻሉ ብቻ እንደማይታሰር በግልጽ አስቀምጧል።

ይህ ማለት ግን መቀጮው ይሰረዛል ማለት አይደለም። በፌዴራል ሕግ የመክፈል ግዴታው ከፍርዱ ወይም ከእስር ከተፈታበት ቀን ጀምሮ ለ20 ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ሥራ ሲያገኝና ኑሮው ሲቃና መንግሥት ሊጠይቀው ይችላል። ሕጉ የሚጠብቀው ሰውነቱን እንጂ ኪሱን አይደለም።

አቅምን የማጣራቱ ሂደት ምን መምሰል እንዳለበት በ2011 "ተርነር ከሮጀርስ" በተባለ ሌላ መዝገብ ፍንጭ ተሰጥቷል። ጉዳዩ የልጅ ቀለብ ባለመክፈል የተነሳ በመሆኑ ከወንጀል መቀጮ ይለያል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያ ጉዳይ ሰው ከመታሰሩ በፊት ሊሟሉ የሚገባቸውን ጥበቃዎች ዘርዝሯል። የመክፈል አቅሙ ዋናው ጭብጥ መሆኑ አስቀድሞ ሊነገረው፣ ገቢና ወጪውን የሚያሳይበት ቅጽ ሊሰጠው፣ በችሎት መልስ የሚሰጥበት ዕድል ሊያገኝና ዳኛውም መክፈል መቻል አለመቻሉን በግልጽ ሊወስን ይገባል።

ሕጉ ጠርቶ ሳለ አሠራሩ ለምን ደፈረሰ?

ከውሳኔው ሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ሕጉና አፈጻጸሙ ምን ያህል እንደተራራቁ ያሳየችው በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው ትንሿ የፈርጉሰን ከተማ ናት። በነሐሴ 2014 በከተማዋ አንድ ጥቁር ወጣት በፖሊስ ተተኩሶበት መገደሉን ተከትሎ የተነሳው ተቃውሞ፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የከተማዋን ፖሊስና ፍርድ ቤት እንዲመረምር አደረገ። ውጤቱ በመጋቢት 2015 ይፋ ሆነ።

ሪፖርቱ እንዳሳየው ከተማዋ ለ2015 የበጀት ዓመት ከያዘችው 13.26 ሚሊዮን ዶላር ጠቅላላ ገቢ ውስጥ 3.09 ሚሊዮኑን የጠበቀችው ከመቀጮና ከተያያዥ ክፍያዎች ነበር። የከተማዋ ፍርድ ቤት በ2013 ብቻ ከ9 ሺህ በላይ የመያዣ ትዕዛዞች አውጥቷል። አብዛኞቹም ከመኪና አቋቋም፣ ከትራፊክና ከመኖሪያ ቤት ደንብ ጋር የተያያዙ ጥቃቅን ጥፋቶች ነበሩ።

በሪፖርቱ የሰፈረ የአንዲት ሴት ታሪክ ነገሩን ያጎላዋል። በ2007 መኪናዋን ያላግባብ በማቆሟ ሁለት የቅጣት ወረቀቶች ተሰጧት፤ የተጠየቀችውም 151 ዶላርና ተጨማሪ ክፍያዎች ነበር። ችግር ነበረባትና ክፍያም ቀጠሮም አለፋት። ባለፈ ቁጥር አዲስ ክፍያና አዲስ የመያዣ ትዕዛዝ ይከተላል። ሁለት ጊዜ ተያዘች፤ ስድስት ቀን ታሰረች። እስከ 2014 መጨረሻ 550 ዶላር ከፍላ፣ ገና 541 ዶላር ይቀርባት ነበር። በ151 ዶላር የተጀመረው ቅጣት ሰባት ዓመት ሙሉ ቁራኛ ሆነባት።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ በአሠራሩ ውስጥ ነው። ሰዎቹ "ባለመክፈል" ሳይሆን "ባለመቅረብ" ወይም "ትዕዛዝ ባለማክበር" ይያዛሉ። በወረቀት ላይ የእስሩ ምክንያት ሌላ ሆኖ ይመዘገባል፤ መክፈል ትችላለህ ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። ገንዘብ የሌለው ሰውም ብቀርብ ያስሩኛል ብሎ ስለሚፈራ ከችሎት ይቀራል፤ መቅረቱም በተራው የመያዣ ትዕዛዝ ያስወጣበታል።

ሌላው ስውር መንገድ መንጃ ፈቃድ ነው። በበርካታ ግዛቶች መቀጮ ያልከፈለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ይታገድ ነበር፤ ዛሬም የሚታገድበት አለ። የሕዝብ ማመላለሻ በሌለበት ገጠር መኪና የከለከሉት ሰው ሥራውንም ያጣል። ሥራ ያጣ ደግሞ ከምን ይከፍላል? በዕገዳ ላይ ሳለ ሲያሽከረክር ከተያዘም ጥፋቱ ከመጀመሪያው የከፋ ይሆንበታል። ካሊፎርኒያ በ2017 የትራፊክ መቀጮ ባለመክፈል ብቻ መንጃ ፈቃድ ማገድን አስቀርታለች።

የፍትሕ ሚኒስቴሩ በመጋቢት 2016 ለግዛቶች ፍርድ ቤቶች በጻፈው ደብዳቤ፣ አቅምን ሳያጣሩ ማሰር ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ አሳሰበ። ደብዳቤው በ2017 መጨረሻ ተነሳ፤ በ2023 ደግሞ ተሻሽሎ እንደገና ወጣ። ደብዳቤ ግን ይወጣል፤ ይነሳልም። ዳኞችን የሚያስገድዱት ከላይ የተዘረዘሩት ፍርዶች ናቸው።

ከዚህ ጎን ለጎን የመቀጮው መጠንም ወሰን አለው። በ1791 የጸደቀው 8ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከልክ ያለፈ መቀጮን ይከለክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ክልከላው በግዛቶችም ላይ እንደሚሠራ ወስኗል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ችግሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። መፍትሔው ግን ይለያያል።

በእንግሊዝ የመጀመሪያ ደረጃ የወንጀል ችሎቶች ለእስሩ ዘመን እንደ መቀጮው መጠን እርከን ተበጅቶለታል። እስከ 200 ፓውንድ ላልተከፈለ መቀጮ ከፍተኛው እስር 7 ቀን ነው። መጠኑ ሲጨምር ቀኑም ይጨምራል፤ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሆነው ጣሪያው 12 ወር ነው። ወደዚያ ከመደረሱ በፊትም ፍርድ ቤቱ የሰውየውን አቅም መመርመር አለበት። ያልከፈለው በእምቢተኛነት ወይም በጥፋተኛ ቸልተኝነት መሆኑንና ሌሎች የማስከፈያ መንገዶች እንደማይሠሩም ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።

ሕንድ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው አዲስ የወንጀል ሕግ፣ መቀጮ ብቻ ለሚያስቀጣ ጥፋት የመተኪያ እስሩን በሦስት ከፍላዋለች። መቀጮው እስከ 5 ሺህ ሩፒ ከሆነ ከሁለት ወር፣ እስከ 10 ሺህ ሩፒ ከሆነ ከአራት ወር፣ በሌላው ሁኔታ ደግሞ ከአንድ ዓመት አይበልጥም። ጥፋቱ እስርም የሚያስቀጣ ከሆነ የመተኪያው ዘመን ለጥፋቱ ከተደነገገው ከፍተኛ እስር ከሩብ ሊያልፍ አይችልም።

የጀርመን መንገድ ከሥሩ ይጀምራል። መቀጮ የሚወሰነው በቀናት ቁጥርና በሰውየው የቀን የተጣራ ገቢ ነው። ለተመሳሳይ ጥፋት 60 ቀን የተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በቀን 10 ዩሮ ታስቦ 600፣ ሌላው በቀን 100 ዩሮ ታስቦ 6 ሺህ ዩሮ ይከፍላሉ። የገንዘቡ መጠን ቢለያይም የሚሰማቸው ክብደት ይቀራረባል። ቀድሞ ያልተከፈለ አንድ የቀን መቀጮ በአንድ የእስር ቀን ይተካ ነበር። ከየካቲት 2024 ጀምሮ ግን ሁለት የቀን መቀጮ በአንድ የእስር ቀን እንዲተካ ተደርጓል። በምሳሌው መሠረት ሁለቱም ባይከፍሉ የሚታሰሩት 60 ሳይሆን 30 ቀን ነው።

እንግሊዝና ሕንድ በእስሩ ርዝመት ላይ፣ ጀርመን በመቀጮው አተማመን ላይ፣ አሜሪካ ደግሞ ከእስር በፊት በሚደረገው ማጣራት ላይ ወሰን አበጁ ማለት ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖች

በአሜሪካ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን በታክሲ፣ በጭነት መኪናና በዕቃ ማድረስ ሥራ ላይ ተሰማርተው ይገኛሉ። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚውል ሰው የትራፊክ ቅጣት ሩቅ አይደለም። ከላይ ከተዘረዘሩት ፍርዶች ለእነርሱ የሚጠቅሙ ነጥቦች ይወጣሉ።

ቀዳሚው ከቀጠሮ አለመቅረት ነው። ገንዘብ ሳይኖር መቅረብ ያስፈራል፤ ሆኖም የፍርዶቹ ከለላ የሚሠራው ችሎት ቀርቦ ለተናገረ ሰው ነው። ከፍርድ ቤት የተላከ ደብዳቤ ቋንቋው ባይገባ እንኳ መጣል የለበትም፤ የሚያነብ ሰው ፈልጎ ማስተርጎምና የቀጠሮውን ቀን ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። የደመወዝ ወረቀት፣ ከሥራ የተቀነሱበት ደብዳቤ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሕክምና ወጪ፣ የልጆች ቁጥርና ሥራ ለማግኘት የተላኩ ማመልከቻዎች "መክፈል አልቻልኩም" የሚለውን ቃል ክብደት ይሰጡታል። የጆርጂያው ሰው ሊረታ የቻለው ጊዜው ሳያልፍ ለሚከታተለው ቢሮ በማሳወቁና ሥራ መፈለጉን ለችሎቱ በመናገሩ ጭምር ነው።

ሦስተኛው መጠየቅ ነው። ጊዜው እንዲራዘም፣ ክፍያው እንዲከፋፈል፣ መቀጮው እንዲቀነስ ወይም በማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲተካ በግልጽ ማመልከት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የማይመቸው ሰው አስተርጓሚ፣ የእስር ሥጋት ያለበት ደግሞ ጠበቃ ለማግኘት በችሎቱ ቢጠይቅ ይበጀዋል። የየግዛቱ ሥርዓት ስለሚለያይም በአካባቢው የሚሠራ የሕግ ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው።

ከለላው የማይሸፍናቸው ነገሮች መኖራቸውም ሊዘነጋ አይገባም። እያለው የማይከፍል፣ ሥራ የመፈለግ ጥረት ያላደረገ ወይም የፍርድ ቤት ጥሪ አውቆ የናቀ ሰው በእነዚህ ፍርዶች ሊያመልጥ አይችልም።

ጥያቄዋ

ለአጥፊ ቅጣት ይገባዋል፤ ተበዳይም ካሳውን ሊያገኝ ይገባል። ሦስቱ ፍርዶች ይህንን አልነኩም። የነኩት አንድ ጥፋት ለሁለት ሰዎች ሁለት ዋጋ የሚያስከፍልበትን አሠራር ነው። ለአንዱ ከኪሱ አውጥቶ የሚረሳው ወረቀት፣ ለሌላው ሥራውን፣ ቤቱንና ነጻነቱን የሚያሳጣ ፍርድ እንዳይሆን ወሰን አበጁ።

ወሰኑ የሚጠበቀው ግን በየከተማው ችሎት፣ ረጅም ወረፋ በሚስተናገድበት ጠዋት፣ ዳኛው አንዲት ጥያቄ ለማንሳት ጊዜ ሲወስድ ነው፤ "ያልከፈልከው ለምንድን ነው?" በጆርጂያ ያ ሰው ሥራ አጥቶ ችሎት ፊት በቆመ ጊዜ ይህች ጥያቄ በቅጡ ተጠይቃ ቢሆን ኖሮ፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ባልደረሰም ነበር።